የኤሌክትሪክ ንዝረት መሣሪያ በፖሊስ እጅ፦ ምንነቱ፣ ያስከተለው ስጋትና የኅብረተሰብ ጥያቄዎች

ከአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ በስተደቡብ የምትገኘው ኩማ፣ በግና ከብት በሚያረቡ ገበሬዎች የተከበበች አነስተኛ የገጠር ከተማ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 17 ቀን 2023 ሌሊቱ ሳይነጋ፣ በከተማዋ የሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሠራተኞች ወደ አስቸኳይ የእርዳታ ስልክ ደወሉ። የ95 ዓመቷ አረጋዊት ክሌር ኖውላንድ ቢላዋ ይዘው በመጦሪያው ውስጥ ይዘዋወሩ ነበር። የመርሳት ሕመም ነበረባቸው፤ ክብደታቸው 48 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ የሚንቀሳቀሱትም ባለ ጎማ መደገፊያ ይዘው በዝግታ ነበር። የደረሱት ፖሊሶች ቢላዋውን እንዲያስቀምጡ ጠየቋቸው፤ እርሳቸው ግን አላስቀመጡም። ንግግሩ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው አንደኛው የፖሊስ አባል የያዘውን የኤሌክትሪክ ንዝረት መሣሪያ ተኮሰባቸው። ወይዘሮ ኖውላንድ ወድቀው ጭንቅላታቸው ተመታ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላም ሕይወታቸው አለፈ።

የኩማው አደጋ በብዙ አገሮች ለዓመታት ሲነሣ የቆየውን ጥያቄ እንደ አዲስ ቀሰቀሰው። መሣሪያው ለፖሊስ የተሰጠው ሽጉጥን እንዲተካ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ትዕግሥትንና ንግግርን መተካት ጀምሯልን? መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ከየት እንደመጣ፣ ሕዝብ ስለ ምን እንደሚሰጋና ስጋቱን ተከትሎ በየአገሩ የወጡት ደንቦች ምን እንደሚሉ ከዚህ በታች ቀርቧል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

በዓለም ላይ በስፋት የታወቀው የኤሌክትሪክ ንዝረት መሣሪያ ቴዘር ይባላል። ቅርጹ ሽጉጥ ይመስላል፤ የሚተኩሰው ግን ጥይት አይደለም። ቃታው ሲሳብ በታመቀ ጋዝ ግፊት ሁለት ትናንሽ ሹል መርፌዎች ይወነጨፋሉ። መርፌዎቹ ከመሣሪያው ጋር በቀጫጭን ሽቦዎች የተያያዙ ናቸው። ሁለቱም በሰውየው ልብስ ወይም ቆዳ ላይ ሲሰኩ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰውነት ውስጥ ያልፋል።

ለብዙ ዓመታት በፖሊሶች እጅ የነበረው ኤክስ 26 የተባለው ሞዴል በሰከንድ 19 ጊዜ ያህል የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ምቱ አንጎል ወደ ጡንቻዎች የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያውክ የተመታው ሰው ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሰውነቱን መቆጣጠር ተስኖትም እንደቆመ ይወድቃል። ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ ንዝረቱ 5 ሰከንድ ይቆያል። ፖሊሱ ቃታውን ካልለቀቀ ወይም ደጋግሞ ከሳበ ግን ንዝረቱ ይቀጥላል። ብዙዎቹ አሳዛኝ ታሪኮች የተፈጠሩትም ከ5 ሰከንድ በላይ በዘለቁ ንዝረቶች ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ሲነገር 50 ሺህ ቮልት የሚለው ቁጥር ዘወትር ይነሣል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ቮልት ብቻውን የኤሌክትሪክን ጉዳት አይለካም። ቮልትን ውኃ ከሚወርድበት ከፍታ ጋር፣ አምፒርን ደግሞ ከሚወርደው ውኃ ብዛት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከገደል አናት የሚወርድ ጠብታ ከፍታው ትልቅ ቢሆንም እንደ ጎርፍ አይጠርግም። በኤክስ 26 ውስጥ 50 ሺህ ቮልቱ ኤሌክትሪኩ አየርንና ልብስን እንዲሻገር የሚያስችል ነው፤ ሰውነት ላይ ሲደርስ ወደ 1 ሺህ 200 ቮልት ገደማ ይወርዳል፤ አማካይ መጠኑም ጥቂት ሺኛ አምፒር ብቻ ነው። አምራቹ ስለ ደኅንነቱ የሚያቀርበው መከራከሪያም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

መሣሪያው ሁለተኛ አጠቃቀምም አለው። በብዙዎቹ ሞዴሎች መርፌ ሳይተኮስ አፉን በቀጥታ በሰው ገላ ላይ በመጫን መንዘር ይቻላል። በዚህ ጊዜ ሰውየው መላ ሰውነቱን መቆጣጠር አያቅተውም፤ በተነካው ቦታ ላይ ብርቱ ሕመም ይሰማዋል እንጂ። ሰውን በሕመም አስገድዶ ማዘዝ ስለሆነ የሰብአዊ መብት ተቋማት አጥብቀው የሚተቹት ይህንን አጠቃቀም ነው።

ከከብት መንጃ ዘንግ እስከ ፖሊስ መታጠቂያ

ኤሌክትሪክን ሰውን ለማስገደድ መጠቀም በቴዘር አልተጀመረም። በአሜሪካ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን ወደ በረትና ወደ መኪና ለመንዳት በባትሪ የሚሠራ፣ ጫፉ የሚነዝር ዘንግ ነበራቸው። በ1960ዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ለእኩልነት መብት በሚታገሉበት ወቅት በአላባማ ግዛት የጸጥታ ኀይሎች ይህንኑ የከብት ዘንግ በሰልፈኞች ላይ አዋሉት። በ1965 በሴልማ ከተማ ወጣት ሰልፈኞች በዘንጉ እየተወጉ ከከተማ ወጥተው እንዲሮጡ ተደርገዋል። ለከብት የተሠራ ዕቃ በሰው ገላ ላይ መዋሉ ያደረሰው ውርደት፣ በእነዚያ ማኅበረሰቦች ዘንድ ስለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ላለው ጥርጣሬ አንዱ ሥር ነው።

ቴዘርን የፈጠሩት ጃክ ከቨር የተባሉ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ሐሳቡን በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ጀምረው በ1974 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ። ስሙን የወሰዱት በልጅነታቸው ከሚወዱት የጀብዱ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል መርፌዎቹን የሚያስወነጭፈው በባሩድ ስለነበር የአሜሪካ መንግሥት ከጦር መሣሪያ መደበው፤ ይህም ገበያውን አጠበበው። በ1993 ሪክ ስሚዝና ቶም ስሚዝ የተባሉ ወንድማማቾች በአሪዞና ግዛት ኩባንያ አቋቁመው ባሩዱን በታመቀ ናይትሮጂን ጋዝ ተኩት። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ወደ ፖሊስ ጣቢያዎች በፍጥነት ገባ። ኩባንያው በ2017 ስሙን ወደ አክሶን ለውጧል።

የደጋፊዎቹ መከራከሪያ

መሣሪያውን የሚደግፉ ወገኖች ክርክራቸው ቀላል የሚባል አይደለም። ፖሊስ ስለት ይዞ ከሚመጣበት ሰው ጋር ሲፋጠጥ ምርጫው ሽጉጥ፣ ዱላ ወይም ትግል ነው። ሽጉጥ ይገድላል፤ ዱላ አጥንት ይሰብራል፤ ትግል ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። ቴዘር ከርቀት ሰውየውን ጥሎ ካቴና ለማስገባት ጊዜ ይሰጣል። ብዙ ጊዜም መተኮስ ሳያስፈልግ መሣሪያውን በማሳየት ብቻ ሰውየው እጁን ይሰጣል።

ይህንን የሚደግፍ ጥናትም አለ። በአሜሪካ ከ12 የፖሊስ ተቋማት የተሰበሰቡ ከ24 ሺህ በላይ የኀይል አጠቃቀም መዝገቦችን የመረመረ ጥናት በ2009 ታትሞ ነበር። እንደ ጥናቱ ቴዘር ጥቅም ላይ በዋለባቸው ሁኔታዎች ተጠርጣሪዎች የመጎዳት ዕድላቸው ቀንሷል።

ሆኖም ሌሎች ጥናቶች በተስፋው ላይ ጥያቄ አንሥተዋል። በቺካጎ ከተማ ቴዘር ለጥበቃ ፖሊሶች በስፋት ከታደለ በኋላ የተደረገ ጥናት፣ በፖሊሶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቢቀንስም የሽጉጥ አጠቃቀም እንዳልቀነሰ አመልክቷል። በለንደን ሲቲ ፖሊስ ላይ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ደግሞ፣ መሣሪያውን በግልጽ የታጠቁ ፖሊሶች በተሰማሩባቸው ፈረቃዎች የኀይል አጠቃቀም በ48 በመቶ ጨምሮ መገኘቱን አሳይቷል። ከጭማሪው አብዛኛው ቴዘር የተተኮሰበት አልነበረም፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የመሣሪያው መታየት በራሱ በፖሊሱና በሰውየው መካከል ያለውን ውጥረት ሊያባብስ ይችላል።

ሕዝብ ስለ ምን ይሰጋል?

የመጀመሪያው ስጋት የሞትና የአካል ጉዳት ነው። መሣሪያው ትክክለኛ ስሙ "የማይገድል" ሳይሆን "ገዳይነቱ ዝቅ ያለ" ነው። የሮይተርስ ዜና ተቋም በ2017 ባወጣው ምርመራ በአሜሪካ ፖሊስ ቴዘር ከተጠቀመባቸው በኋላ ሕይወታቸው ያለፈ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ በ153ቱ የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች መሣሪያውን የሞት ምክንያት ወይም አንዱ አስተዋጽኦ አድራጊ አድርገው ጠቅሰውታል። በሌሎቹ ላይ የልብ ሕመም፣ አደንዛዥ ዕፅና ትግል አብረው ስለነበሩ ምክንያቱን ለይቶ መናገር አዳጋች ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም በ2011 ያወጣው ሪፖርት በጤነኛ ጎልማሶች ላይ ከፍተኛ የሞት አደጋ መኖሩን የሚያረጋግጥ የማያሻማ የሕክምና ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል። በዚያው ሪፖርት ግን በሕፃናት፣ በአረጋውያን፣ በነፍሰ ጡሮችና በልብ ሕሙማን ላይ ያለው አደጋ በቂ ጥናት እንዳልተደረገበት፣ ረዘም ላለ ጊዜ መንዘርም ጥንቃቄ እንደሚሻ አሳስቧል። አምራቹ ራሱም በ2009 ፖሊሶች ደረት ላይ ከማነጣጠር እንዲቆጠቡ መክሯል። ከንዝረቱ ውጪ ውድቀቱም አደጋ ነው። የተመታ ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን መደገፍ አይችልምና ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ በጭንቅላቱ ሊወድቅ ይችላል። ከጣሪያ፣ ከዛፍ ወይም ከውኃ ዳር ያለን ሰው መምታት እጅግ አደገኛ ነው፤ ቤንዚን በፈሰሰበት ቦታም ብልጭታው እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ሁለተኛው ስጋት መሣሪያው የሚተኮስበት ምክንያት እየቀለለ መሄዱ ነው። ሽጉጥ ለመምዘዝ የሚያመነታ ፖሊስ ቴዘር ለመምዘዝ ላያመነታ ይችላል። በ2011 በሰሜን ካሮላይና ግዛት ፓይንኸርስት በተባለች አነስተኛ ከተማ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበትና ከሆስፒታል የወጣ ሰው የመንገድ ምልክት ምሰሶ አቅፎ አልለቅም አለ። ማንንም አላጠቃም። ፖሊሶች በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ አምስት ጊዜ ነዘሩት፤ ከምሰሶው አላቅቀው ካሰሩት በኋላም ሕይወቱ አለፈ። ጉዳዩን የተመለከተው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 በሰጠው ውሳኔ ቴዘር ከባድ ኀይል መሆኑን ገልጾ፣ አስቸኳይ አደጋ በሌለበት ሁኔታ እምቢ ባይን ለማስገደድ ብቻ መጠቀም ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ደነገገ። ውሳኔው ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ግዛቶችም ይገዛል።

ሦስተኛው ስጋት መሣሪያው በማን ላይ ይበዛል የሚለው ነው። በእንግሊዝና ዌልስ የ2019/20 መረጃ መሠረት ጥቁሮች ቴዘር የሚመዘዝባቸው ከነጮች በስምንት እጥፍ ያህል በበለጠ ነበር። የእግር ኳስ ወዳጆች የሚያስታውሱት የቀድሞው የአስቶን ቪላ አጥቂ ዳሊያን አትኪንሰን በኦገስት 2016 በቴልፎርድ ከተማ፣ በልጅነቱ ካደገበት የአባቱ ቤት ደጃፍ ላይ በፖሊስ እጅ ሞቷል። ልብና ኩላሊቱ ታምሞ፣ አእምሮውም ታውኮ ነበር። አንድ ፖሊስ ለ33 ሰከንድ ያለማቋረጥ ነዘረው፤ ወድቆ ሳለም ጭንቅላቱን ረገጠው። ፖሊሱ በ2021 ያለ ቀጥተኛ ሐሳብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሎ የስምንት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ቤተሰቡ ፍርዱን ለማግኘት አምስት ዓመት ገደማ ጠብቋል።

አራተኛው ስጋት ስህተት ነው። ቴዘርና ሽጉጥ በአንድ ቀበቶ ላይ ሲታጠቁ በጭንቀት ጊዜ አንዱ በሌላው ሊለወጥ ይችላል። በጃንዋሪ 1 ቀን 2009 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ በባቡር ጣቢያ፣ በኤፕሪል 2021 ደግሞ በሚኒሶታ ብሩክሊን ሴንተር ሁለት ጥቁር ወጣቶች በዚህ ዓይነት ሁኔታ ተገድለዋል። በሁለቱም ጊዜ ፖሊሶቹ ቴዘር የመዘዙ መስሏቸው ሽጉጥ እንደተኮሱ ተናግረዋል፤ ሁለቱም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ የፖሊስ ተቋማት ቴዘሩ ደማቅ ቢጫ እንዲሆንና ከሽጉጡ በተቃራኒ ጎን እንዲታጠቅ አዘዋል።

በእስራኤል የቤተ እስራኤላውያን ልምድ

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የነካው በእስራኤል ነው። በ2013 የእስራኤል ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ባለ ሰው ላይ ቴዘር ሲጠቀም የሚያሳይ ምስል ይፋ ሆኖ ቁጣ ስለቀሰቀሰ የመሣሪያው አጠቃቀም ለጊዜው ታግዶ ነበር፤ በኋላ ደንቡ ጠበቅ ተደርጎ ተመለሰ።

በማርች 2014 ደግሞ በቢንያሚና ከተማ ዮሴፍ ሳላምሳ በተባለ የ22 ዓመት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወጣት ላይ ፖሊሶች ቴዘር ተጠቀሙ። ቤተሰቡ ልጃቸው ያለ በቂ ምክንያት እንደተመታና ታስሮ ከፖሊስ ጣቢያ ውጪ እንደተጣለ በመግለጽ አቤት አለ። በዚያው ዓመት ጁላይ ወጣቱ ሕይወቱ አልፎ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን እንዳጠፋ አድርጎ ቢመለከተውም ቤተሰቡ በልጃቸው ላይ የደረሰው በደል ለሞቱ ምክንያት እንደሆነ በመግለጽ ፍትሕ መጠየቁን ቀጠለ።

በኤፕሪል 2015 በሆሎን ከተማ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል ሲሰራጭ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሰፊ ሰልፎች ተካሄዱ። በእነዚያ ሰልፎች የዮሴፍ ስምም ይነሣ ነበር። ሰልፈኞቹን ያስቆጣው ከመሣሪያው ይልቅ ወጣቶቻቸው በቆዳቸው ቀለም ምክንያት በጥርጣሬ መታየታቸው ነው። መንግሥት በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም በ2016 ባቀረበው ሪፖርት ፖሊስን ጨምሮ በመንግሥት ተቋማት ውስጥ በቤተ እስራኤላውያን ላይ የሚፈጸም አድልዎ መኖሩን አምኖ የማሻሻያ ሐሳቦችን አቅርቧል።

ሕዝብ ሲጠይቅ ምን ይለወጣል? የካናዳ ምሳሌ

በኦክቶበር 13 ቀን 2007 ሮበርት ጄካንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ከእናቱ ጋር ለመኖር ካናዳ ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። እናቱን ሳያገኝ፣ የሚያስረዳው አስተርጓሚም ሳይኖር በአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አሥር ሰዓት ገደማ ቆየ። ደክሞና ተረብሾ ወንበርና ዕቃ መወርወር ሲጀምር አራት ፖሊሶች ደረሱ። በደረሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቴዘር ተተኮሰበት፤ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ተነዘረ፤ እዚያው ሞተ።

ፖሊሶቹ የሰጡት ቃልና አንድ መንገደኛ በካሜራው የቀረጸው ምስል አልተጣጣሙም። ምስሉ ይፋ ሲሆን የሕዝብ ቁጣ ገነፈለ፤ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት መንግሥትም በቀድሞ ዳኛ ቶማስ ብሬይድዉድ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ2009 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት መሣሪያው ሞት ሊያስከትል እንደሚችል ገልጾ፣ ፖሊስ ሊጠቀምበት የሚገባው ሰውየው በሌላ ላይ የአካል ጉዳት እያደረሰ ወይም ወዲያውኑ ሊያደርስ ሲል ብቻ እንዲሆን፣ በአንድ ጊዜም ከ5 ሰከንድ እንዳይበልጥ ሐሳብ አቀረበ። ግዛቱም ሐሳቡን ተቀበለ። በግዛቱ የቴዘር አጠቃቀም ከዚያ በኋላ እጅጉን ቀንሷል። በ2012 ደግሞ በፖሊስ እጅ የሚደርስን ሞትና ከባድ ጉዳት የሚመረምር፣ ከፖሊስ ነጻ የሆነ የግዛቱ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። ከአራቱ ፖሊሶች ሁለቱ ለአጣሪ ኮሚሽኑ በሐሰት በመመስከራቸው በ2015 ጥፋተኛ ተብለዋል።

ከካናዳው ጉዳይ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያው አልተከለከለም፤ ዛሬም በፖሊሶች እጅ አለ። የተለወጠው መቼ መጠቀም እንደሚፈቀድና ከተጠቀሙ በኋላ ለማን መልስ እንደሚሰጥ ነው።

ዓለም አቀፍ መርሖዎች

በ1990 በሃቫና የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፖሊስ የኀይል አጠቃቀም መርሕ፣ ፖሊስ ኀይል ከመጠቀሙ በፊት በተቻለ መጠን ሰላማዊ መንገድን እንዲያስቀድም፣ ኀይል የግድ ሲሆንም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የጸረ ስቃይ ኮሚቴ በ2007 ስለ ፖርቱጋል ባወጣው አስተያየት ቴዘር የሚያስከትለው ጽኑ ሕመም የስቃይ ድርጊት ሊሆን እንደሚችል አሳስቧል። በ2020 የወጣው የድርጅቱ የሰብአዊ መብት መመሪያም ረዘም ያለና ተደጋጋሚ ንዝረት እንዲወገድ፣ መሣሪያውን በገላ ላይ በቀጥታ እየጫኑ ሕመም ማድረስም ከስቃይ ክልከላ ጋር ሊጋጭ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ኢትዮጵያ የጸረ ስቃይ ስምምነቱን በ1994 ተቀብላለች። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18ም ማንኛውም ሰው ከጭካኔ፣ ኢሰብአዊ ከሆነና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እነዚህ ድንጋጌዎች ዱላም ሆነ ኤሌክትሪክ የመሣሪያን ዓይነት አይለዩም፤ የሚጠብቁት የሰውን አካልና ክብር ነው።

አንድ ኅብረተሰብ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

መሣሪያው በገባባቸው አገሮች ከተከሰቱት ጉዳዮችና ከተሻሻሉት ደንቦች የሚከተሉት ዋና ዋና ጥያቄዎች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ መሣሪያው የሚፈቀደው መቼ ነው? "ሰውየው እምቢ ካለ" የሚል ደንብና "ሰውየው ሰው ሊጎዳ ሲል ብቻ" የሚል ደንብ እጅግ ይራራቃሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ስንት ሰው እንደሚነዘር ይወስናል።

ሁለተኛ፣ በማን ላይ ፈጽሞ ወይም እጅግ በጠበበ ሁኔታ ካልሆነ በስተቀር አይፈቀድም? ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በካቴና የታሰሩና ከፍ ካለ ቦታ ሊወድቁ የሚችሉ ሰዎች በብዙ ደንቦች ተለይተው ተጠቅሰዋል።

ሦስተኛ፣ ፖሊሱ ከመተኮሱ በፊት ምን ሥልጠና አግኝቷል? የመተኮስ ሥልጠና ብቻውን አይበቃም። የአእምሮ ሕመምተኛን፣ የመርሳት ሕመም ያለበትን አረጋዊ ወይም ቋንቋ የማያውቅን እንግዳ እንዴት ማረጋጋት እንደሚቻል መማርም ያሻል።

አራተኛ፣ ከተተኮሰ በኋላ ምን ይደረጋል? የተመታው ሰው ወዲያውኑ የሕክምና ባለሙያ ሊያየው፣ ቤተሰቡም ሊነገረው ይገባል።

አምስተኛ፣ መዝገቡ የት አለ? ዘመናዊ ቴዘሮች ቃታው የተሳበበትን ሰዓትና ንዝረቱ የቆየበትን ጊዜ በውስጣቸው ይመዘግባሉ። ይህ መዝገብና ፖሊሱ ደረቱ ላይ የሚያደርገው ካሜራ የቀረጸው ምስል ለገለልተኛ መርማሪ ካልቀረበ እውነቱን የሚናገር ምስክር ተዳፍኖ ይቀራል። በእንግሊዝና ዌልስ ፖሊስ መሣሪያውን መዝዞ ሳይተኩስ ቢመልሰው እንኳ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። የ"ስምንት እጥፍ" ልዩነቱ ሊታወቅ የቻለውም በዚህ ምዝገባ ነው።

ወደ ኩማ ስንመለስ

በኩማ ከአደጋው በኋላ የወጣው የመጀመሪያው የፖሊስ መግለጫ አረጋዊቷ ከፖሊስ ጋር በነበረ ግንኙነት መጎዳታቸውን ጠቅሶ ስለ ቴዘር ሳይናገር ማለፉ ሌላ ቅሬታ ፈጥሮ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። የፖሊሱ ጠበቆች ደንበኛቸው ግዴታውን እየተወጣ እንደነበርና የወሰደው እርምጃ ተመጣጣኝ እንደሆነ ተከራከሩ። ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ በመደገፊያ የሚሄዱ የ95 ዓመት አረጋዊት መሣሪያ የሚያስተኩስ አደጋ እንዳልነበሩ አስረዳ። የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ በኖቬምበር 2024 ፖሊሱን ያለ ቀጥተኛ ሐሳብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ አለው። በማርች 2025 ፍርድ ቤቱ እስራት ሳይፈርድበት ለሁለት ዓመት በክትትል ሥር ሆኖ የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ወሰነ። ቤተሰቡ ቅጣቱ ቀሏል ሲል ቅሬታውን ገልጿል።

ፍርዱ ተገቢ ነው ወይስ ቀሏል የሚለው ክርክር ነው። በችሎቱ ፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ ታይቷል። በዚያ ሌሊት ቤቱ ውስጥ በር ነበረ፤ ፖሊሶቹና የሕክምና ሠራተኞቹ ራቅ ብለው ሊቆሙ ይችሉ ነበር፤ አረጋዊቷም በፍጥነት የሚደርሱበት ሰው አልነበረም። የጎደለው ትዕግሥት ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ደግሞ ለትዕግሥት አጭር ጊዜ ነው።